ግንባሩን ብቻ አትንኩ፣ ደረቱንም ገልጣችሁ እዩ

ይድረስ ለጋዜጣችሁ ዝግጅት ክፍል፣

ጤና ይስጥልኝ። አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ጤና ጣቢያ፣ ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት በሚታዩበት ክፍል የምሠራ ነርስ ነኝ። የጤና ዓምዳችሁን እከታተላለሁ። ስለ ደም ግፊት፣ ስለ ስኳር፣ ስለ ኩላሊት ጠጠር የምታወጧቸው ጽሑፎች ጥሩ ናቸው። ሰዉም ያነባቸዋል፤ ልጃቸውን ይዘው የመጡ ወላጆች "ጋዜጣ ላይ አንብቤ ነበር" እያሉ ስለ ራሳቸው ግፊት ይጠይቁኛል። ስለ ሕፃን ልጅ አተነፋፈስ አንብቦ የመጣ ሰው ግን ገጥሞኝ አያውቅም። ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለዚያ ነው።

እኛ ክፍል የሚገባ ወላጅ መጀመሪያ የሚለኝ "ሲስተር፣ ትኩሳት አለው" ነው። ሌሊቱን ሙሉ ግንባሩን ሲነካ እንዳደረ፣ በእርጥብ ጨርቅ እንዳበሰው፣ የትኩሳት ሽሮፑን በስንት ሰዓት እንደሰጠው አንድ በአንድ ይነግረኛል። ደግ አድርጓል። "ትንፋሹስ እንዴት ነበር? ቶሎ ቶሎ ይተነፍስ ነበር ወይ?" ስለው ግን ዝም ይላል፣ ወይም "ያው ጉንፋን ይዞት አፍኖታል" ይለኛል። ደረቱን ገልጦ ያየ የለም። ትኩሳት በእጅ ይዳሰሳል፣ ያስፈራል፣ ሁሉም ያውቀዋል። የትንፋሽ ነገር ግን ልብስ ገልጠው ካላዩት አይታወቅም፤ ያመለጠን ልጅ ሁሉ የሚያመልጠን ደግሞ እዚያ ላይ ነው።

የሳንባ ምች፣ ሰዉ ኒሞኒያ የሚለው፣ በዓለም ላይ ሕፃናትን በመግደል ከተላላፊ በሽታዎች ሁሉ ቀዳሚው ነው። በ2019 እ.ኤ.አ. ብቻ ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ከ740 ሺህ በላይ ልጆች ሞተውበታል። በአገራችን ብዙ ነገር እንደተሻሻለ አልክድም። በ2000 እ.ኤ.አ. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በሕይወት ከሚወለዱ 1,000 ሕፃናት 166ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር፤ በ2019ኙ ጥናት ቁጥሩ ወደ 59 ወርዷል። ይህ በክትባት የመጣ ነው፣ ቤት ለቤት በሚዞሩት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ልፋት የመጣ ነው። ነገር ግን 59 ልጅ ቀላል አይደለም። የ2016 እ.ኤ.አ. ጥናት ደግሞ ሁሌም የሚያሳዝነኝ አንድ ነገር ይናገራል፤ ሳልና የትንፋሽ ችግር ከታየባቸው ልጆች መካከል ወደ ሕክምና የተወሰዱት ሲሶ ያህሉ ብቻ ነበሩ። የቀሩት ወላጆች ለልጃቸው የማይጨነቁ ሆነው አይመስለኝም። አብዛኞቹ ያዩት ነገር ምን እንደሆነ የነገራቸው ስለሌለ ነው።

ስለዚህ በቀላሉ ልንገራችሁ። ሳንባ ሲቆጣ አየር የሚገባባቸው ጥቃቅን ከረጢቶች በፈሳሽና በመግል ይሞላሉ። ልጁ ያጣውን ኦክስጅን ለማካካስ ትንፋሹን ያፈጥናል። አፍ አውጥቶ "ደረቴን" ስለማይል የሚነግረን በዚህ ብቻ ነው። እኛም የምናውቀው በመቁጠር ነው፤ ልዩ መሣሪያ አይጠይቅም፣ የሞባይል ሰዓት ይበቃል። ልጁ እንዳያለቅስ፣ እየጠባም እንዳይሆን ጠብቁ፤ ተኝቶ ከሆነ እንዲያውም ጥሩ ነው። ልብሱን ከፍ አድርጉና ሆዱንና ደረቱን ተመልከቱ። አንዴ ከፍ ብሎ ሲወርድ አንድ ነው። አንድ ደቂቃ ሙሉ ቁጠሩ። ግማሽ ደቂቃ ቆጥሮ በሁለት ማባዛት በሕፃን ላይ አይሆንም፣ ትንፋሻቸው አንዴ ፈጠን አንዴ ዘግየት ስለሚል ያሳስታል። ሁለት ወር ላልሞላው ልጅ በደቂቃ 60 እና ከዚያ በላይ፣ ከሁለት ወር እስከ አንድ ዓመት ላለው 50 እና ከዚያ በላይ፣ ከአንድ እስከ አምስት ዓመት ላለው 40 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ፈጣን ነው። ስድሳ፣ ሃምሳ፣ አርባ። ሳል ያለበት ልጅ እዚህ ቁጥር ላይ ከደረሰ "ጉንፋን ነው" ተብሎ አይታለፍም፤ በዚያው ቀን መታየት አለበት።

ከቁጥሩ የሚብስ ሌላ ምልክት አለ። ጤነኛ ልጅ አየር ሲያስገባ ደረቱ ወደ ውጭ ይነፋል። በጠና የታመመ ልጅ ግን አየር ሲያስገባ ከጎን አጥንቱ በታች ያለው የደረቱ ክፍል ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል። በየትንፋሹ ይሰረጉዳል። አንዴ ካያችሁት አትረሱትም።

በጥቅምት ብርድ አንዲት እናት ከአያቱ ጋር ሆነው የሰባት ወር ልጅ ይዘው መጡ። ልጁ ሁለት ኮፍያ ደርቧል፣ በፎጣ ተጠቅልሏል፣ በላዩ ጋቢ አለ። እናቱ ፊቷ ፈታ ብሏል፤ "ትኩሳቱ ከትናንት ማታ ጀምሮ ወርዶለታል፣ ሳሉ ብቻ ነው የቀረው" አለችኝ። "እማማ፣ ትንሽ እንግለጠው" ስል አያትየው "ብርድ ይመታዋል ልጄ" ብለው ጋቢውን ያዙብኝ። ቀስ ብለን ገለጥነው። ስቆጥር 66 ነው። ከጎን አጥንቱ በታች በየትንፋሹ ይሰረጉዳል፣ የአፍንጫው ቀዳዳ ይከፈታል ይዘጋል፣ አፉ ጡቱ ላይ ይደርስና ሳይጠባ ይለቀዋል። ትኩሳቱ የወረደው በሽሮፑ ነው እንጂ በሽታው ስለለቀቀው አልነበረም። ኦክስጅን ሰጥተን፣ የመጀመሪያውን መርፌ ወግተን በአምቡላንስ ወደ ሆስፒታል ላክነው፤ ዳነ፣ ከዚያ በኋላም ለክትባት አምጥተውት አይቼዋለሁ። በዚያ ቤት ልጁን ቀንና ሌሊት የሚያቅፉ ሰዎች ነበሩ። የሚወዱት ሰዎች ናቸው። ያ ሁሉ መሸፋፈን ግን ዋናውን ነገር ጋርዶባቸው ነበር።

አንዳንድ ምልክት ደግሞ መቁጠርም አያስፈልገው። ልጁ መጥባት ወይም መጠጣት ካቃተው፣ የወሰደውን ሁሉ ካስመለሰ፣ ሰውነቱ ከተንቀጠቀጠ፣ ፈዞ አልነቃ ካለ ሰዓት አትዩ፣ ተነሱ። ረጋ ብሎ ሳለ አየር ሲያስገባ ጉሮሮው የሚጮኽ፣ ወይም ከንፈሩ የጠቆረ ልጅም እንዲሁ። ከሁለት ወር በታች ባለ ሕፃን ላይ ደግሞ ጠበቅ ማለት ያስፈልጋል፤ የጨቅላ በሽታ በሰዓታት ውስጥ ነው የሚከፋው። ትኩሳት ካለው ይመጣል። ሰውነቱ ከወትሮው ቀዝቅዞ ከሆነም ይመጣል። ብዙ ሰው ትኩሳት ከሌለ ሰላም ነው ብሎ ያስባል፣ ጨቅላ ግን በኢንፌክሽን ተይዞ ሊቀዘቅዝም ይችላል። አጠባቡ የቀነሰ፣ የሚያቃስት፣ እንቅስቃሴው የደከመ ጨቅላ "እስኪ እስከ ነገ ይታይ" አይባልም።

አሁን ወደሚያናድደኝ ነገር ልምጣ። ቀን የሚያባክኑብን ነገሮች አሉ።

አንዱ እንጥል ማስቆረጥ ነው። "እንጥሉ ወርዶ ነው የሚያስለው" ይባልና ልጁ ጎረቤት ወዳለ ቆራጭ ይወሰዳል። ገጠር ብቻ ነው የሚመስለው ካለ ተሳስቷል፣ እዚሁ ከተማችን ውስጥ ጉሮሮው ደምቶ የሚመጣ ልጅ አለ። እንጥል ከሳንባ ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም። የሚያገኘው ደም መፍሰስና ሌላ ኢንፌክሽን ነው፣ በዚያ ላይ ጉሮሮው ስለሚያመው መጥባት ያቆማል። ግግ ነው እየተባለ ገና ያልወጣ ጥርስ በድድ ውስጥ መቆፈርም ያው ነው። ለሕፃን ቅቤ ማዋጥ፣ በአፍንጫው ዘይት ወይም ቅቤ ጠብ ማድረግ ደግሞ ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል፤ ያልነበረበትን የሳንባ ችግር እናመጣበታለን። አያቶቻችንን የምናከብርበት ብዙ መንገድ አለ። ዳማከሴ አሽትተው ቢያስደስታቸው እኔ አልጣላም። ቢላዋና ቅቤ ላይ ግን እምቢ በሉ፣ በአክብሮት እምቢ በሉ።

ሌላው መድኃኒት ቤት ነው። ይሄ የተማረውም ያልተማረውም እኩል የሚያደርገው ነው። ልጁ ሲያስል አባትየው ከሥራ ሲመለስ ፋርማሲ ጎራ ይልና "ለሁለት ዓመት ልጅ ለሳል የሚሆን" ብሎ ይገዛል። ልጁን ያየው የለም። ትንፋሹን የቆጠረው የለም። አንዳንዴ የሚሰጠው የሳል ሽሮፕ ነው፣ ለትንንሽ ልጆች ጥቅሙ እምብዛም ነው፣ ጉዳት ሊኖረውም ይችላል። አንዳንዴ ደግሞ ያለ ማዘዣ አሞክሳሲሊን ይሰጠዋል። ልጁ ጉንፋን ብቻ ከሆነ ጉንፋን በቫይረስ የሚመጣ ስለሆነ አሞክሳሲሊን ምንም አያደርግለትም፣ ጀርሞቹ መድኃኒቱን እንዲለምዱት ብቻ ያደርጋል። ኒሞኒያ ከሆነም መጠኑ ስለማይመጠን፣ ሁለት ቀን ተሰጥቶ ሲሻለው ስለሚቋረጥ፣ ሕመሙ ተዳፍኖ ይቆይና ብሶ ይመጣል። ፍሪጅ ውስጥ ግማሽ ጠርሙስ ሽሮፕ አስቀምጦ ለታናሹ የሚሰጥም አለ። የተበጠበጠ ሽሮፕ ከአንድ ወይም ከሁለት ሳምንት በላይ አይቆይም፣ ደግሞም የታላቁ መጠን የታናሹ አይደለም።

ፋርማሲስት ወንድሞቼና እህቶቼ እንዳይቀየሙኝ። የብዙዎቻችሁን ልፋት አውቃለሁ፣ ደንበኛው እንዴት እንደሚነዘንዛችሁም አውቃለሁ። የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው። ለሕፃን ሳል መድኃኒት ሲጠይቋችሁ "ቶሎ ቶሎ ይተነፍሳል? ይጠባል?" ብላችሁ ጠይቁልን። ያንን መልስ ሰምታችሁ ወደ እኛ ብትልኩት ትልቅ ነገር ነው።

በጊዜ ለመጣ ልጅ ሕክምናው ቀላል ነው፣ ይህንን ወላጆች ባወቁት እላለሁ። ሁለት ወር የሞላው፣ ፈጣን ትንፋሽ ብቻ ኖሮት ሌላ አደገኛ ምልክት የሌለው ልጅ አይተኛም፣ መርፌም አይወጋም። በውኃ የሚሟሟ አሞክሳሲሊን እንደ ክብደቱ ተመጥኖ፣ በቀን ሁለት ጊዜ ለአምስት ቀን ይሰጠዋል። ክኒኑን በንጹሕ ማንኪያ ላይ በጥቂት ንጹሕ ውኃ ወይም በታለበ የእናት ጡት ወተት ማሟሟት ነው። በሁለተኛው ቀን ቢሻለውም አምስቱ ቀን ይሞላል። በተቀጠራችሁበት ቀን ደግሞ ድኗል ብላችሁ አትቅሩ፣ ዳግም የምንቆጥረው የዚያን ቀን ነው። አፍንጫውን አጽዱለት፣ ጡት አብዝታችሁ አጥቡት፣ ምግብ የጀመረ ከሆነ ጥቂት ጥቂት አድርጋችሁ ቶሎ ቶሎ አብሉት። ጉሮሮውን ለማለስለስ ማር የምትሰጡ ከሆነ ዓመት ላልሞላው ልጅ ክልክል ነው። ማታ ከባሰበት እስኪነጋ አትጠብቁ። ገጠር ያላችሁ ደግሞ ጤና ጣቢያ ሩቅ ነው ብላችሁ አትቀመጡ፤ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ትንፋሽ መቁጠርንም ሆነ መድኃኒቱን መስጠትን ሠልጥነውበታል፣ ጤና ኬላው ሂዱ።

ኩፍኝን ሳላነሳ ማለፍ አልችልም፣ ምክንያቱም ኩፍኝ የያዘውን ልጅ አብዛኛውን ጊዜ የሚገድለው ተከትሎት የሚመጣው የሳንባ ምች ነው። መጀመሪያ ትኩሳት፣ ሳል፣ ንፍጥና የዓይን መቅላት ይመጣል። ከሦስት አራት ቀን በኋላ ሽፍታው ከጆሮ ጀርባና ከፊት ይጀምርና ወደ ታች ይወርዳል። ሽፍታው ከመውጣቱ አራት ቀን ቀድሞ ጀምሮ ከወጣ በኋላም እስከ አራት ቀን ድረስ ይተላለፋል፤ ክትባት ያልወሰዱና ከዚህ በፊት ያልያዛቸው አሥር ሰዎች አጠገቡ ቢኖሩ እስከ ዘጠኙን ሊይዛቸው ይችላል። ያኔ ቤት ውስጥ ምን ይደረጋል? መስኮት ይዘጋል፣ ልጁ አይታጠብም፣ ቡና ይፈላል፣ "መርፌ ከተወጋ ወደ ውስጥ ይገባበታል" ተብሎ ሕክምና ይከለከላል። መብራቱን ቀነስ ማድረግ ዓይኑን ያሳርፈዋል፣ እሱ ይሁን። ሌላው ግን አይሆንም። ኩፍኝ የያዘው ልጅ ሁለት ቀን ተከታትሎ የሚወስደው ቫይታሚን ኤ አለ፣ ዓይኑንም ሕይወቱንም የሚያተርፍ ነው፣ እሱም በጠብታ በአፉ የሚሰጥ እንጂ መርፌ አይደለም። ትንፋሹም በየቀኑ ይቆጠር። ልጁን ይዛችሁ ስትመጡ ግን በሩ ላይ ኩፍኝ እንደሚመስላችሁ ተናገሩ፣ ከሌሎቹ ልጆች ጋር ወረፋ እንዳይጠብቅ ለብቻው እናስገባዋለን።

የክትባት ካርዳችሁን ዛሬ አውጡና እዩት። የሳንባ ምች መከላከያ ክትባት በአገራችን መሰጠት የጀመረው በ2004 ዓ.ም. ነው፣ በስድስተኛው፣ በዐሥረኛውና በዐሥራ አራተኛው ሳምንት ይሰጣል፤ ትክትክን የሚከላከለውም በእነዚሁ ቀጠሮዎች ነው። ኩፍኝ በዘጠኝ ወር አንዴ፣ በ15 ወር ደግሞ ሁለተኛው አለ። ይሄ ሁለተኛው ከ2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የመጣ ስለሆነ ብዙ እናት አታውቀውም፣ በዘጠኝ ወር "ክትባት ጨረስኩ" ብላ ካርዱን ታስቀምጠዋለች። አልጨረስሽም እህቴ፣ በ15 ወር ትመለሻለሽ። በ2019ኙ ጥናት ከአንድ እስከ ሁለት ዓመት ካሉት ልጆች መሠረታዊ ክትባቶችን ሁሉ የወሰዱት 43 በመቶው ብቻ ነበሩ። ትንሽ ሳል ወይም ንፍጥ ስላለው ክትባቱን አታስተላልፉበት። ክትባት በነፃ ነው።

ስለ ጭስም ልበል። ልጅ አዝሎ እንጀራ መጋገር፣ በተዘጋ ክፍል ከሰል አቀጣጥሎ ማሞቅ፣ ልጁ ባለበት ማጨስ ሳንባውን ያደክመዋል። ሌላ ምርጫ የሌላት እናት እንዳለች አውቃለሁ፣ በየቀኑ አያታለሁ፣ ስለዚህ አልፈርድም። ግን በር መክፈት ይቻላል፣ ልጁን ጎረቤት ማስያዝ ይቻላል። የከሰል ጭስ ደግሞ ቤተሰቡን በሙሉ በአንድ ሌሊት ሊጨርስ ይችላል።

እንግዲህ ከእናንተ የምጠይቀው ይህ ነው። የምንዛሪ ተመን የምታወጡበት ገጽ አለ፣ የኳስ ውጤት የምታወጡበት ገጽ አለ። ከዚያ አጠገብ ከክረምት መግቢያ እስከ ጥር ድረስ በየሳምንቱ አንድ ትንሽ ሳጥን ስጡን። ስድሳ፣ ሃምሳ፣ አርባ የሚሉት ቁጥሮች ከነዕድሜያቸው ይግቡበት። የደረት መሰርጎድ ይግባበት፣ ከተቻለ በሥዕል። አለመጥባት፣ ሁሉን ማስመለስ፣ መንቀጥቀጥ፣ መፍዘዝ ይግቡበት። ማንበብ ለማይችሉ አያቶች የልጅ ልጆቻቸው ያነቡላቸዋል፣ ሱቅ ውስጥ ስኳር የሚጠቀለልበት ጋዜጣ እንኳ ግድግዳ ላይ ሊለጠፍ ይችላል። ቦታ ከፈቀዳችሁልኝ ጽሑፉን እኔ ያለ ክፍያ አዘጋጃለሁ፣ ክፍላችን ውስጥ ያሉት ሐኪሞችም አይተው ያርሙታል። በሚቀጥለው ሳምንት ልልክላችሁ እችላለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንዲት ነርስ፣ ከአዲስ አበባ
(ስሜና አድራሻዬ በዝግጅት ክፍሉ የተያዘ)